ከመከልከል በፊት ማስተማር



በየዓመቱ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ሰዓት አከባበር ስንጽፍ ቆይተናል። ዘንድሮ ስለ መኪና ሞተር ልንጽፍ ነው። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ላይ የደረሰው ነገር በማኅበረሰባችን ውስጥ ከቤት ቤት ተወርቷል። ይሁን እንጂ የተወራው ሁሉ ትክክል አልነበረም። «ተማሪዎቹ በጋዝ መኪና አፈነዱ» ተብሏል። ምንም የፈነዳ ነገር የለም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው መናገርና በጉዳዩ ላይ እኛ የደረስንበትን አቋም መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ ከትምህርት በኋላና ዓርብ ዓርብ በአንድ ጋራዥ በረዳትነት ይሠራ ነበር። እጁ የተፈታ ልጅ ነው። ሞተር ሲነሳ ድምፁን ሰምቶ የትኛው ካንዴላ እንደማይሠራ ይለያል። ይኸው ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በዱባይ በኩል አንድ የናይትረስ ኦክሳይድ መሣሪያ አስመጣ። ልጆቹ «ኖስ» ይሉታል። መሣሪያው አንድ ጠርሙስ፣ ቀጭን ቱቦ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ፣ እንዲሁም በሞተሩ የአየር ማስገቢያ ላይ የምትገጠም፣ የጣት ጫፍ የምታህል ኖዝል ማለትም መርጫ ያለው ነው። ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ጋዙን ከየት እንደሚያስሞሉ እንኳ ገና አላወቁም።

መኪናው የአባቱ ነው፤ ቤተሰቡ የሚተዳደርበት አሮጌ ኮሮላ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባት ሲያርፉ ልጆቹ ኮፈኑን ከፍተው፣ አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን የአልሙኒየም ማኒፎልድ ከሞተሩ ሳይነቅሉ በመሰርሰሪያ በሱት። ኖዝሏን ጥሩ አድርገው ገጠሟት። ከዚያም ሞተሩን አስነሱት። ሲበሱ ወደ ውስጥ የገባው የአልሙኒየም ፍቅፋቂ ከአየሩ ጋር ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ገባ። በማግስቱ መኪናው ኃይል አጣ፤ ዘይት ማጨስ ጀመረ። ቴስታታው ሲወርድ የአንዱ ሲሊንደር ግድግዳ ተቧጭሮ፣ ፋሻው ተበላሽቶ ተገኘ። አባት ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጡ። አንድ ግራም ጋዝ ሳይረጭ ይህ ሁሉ ደረሰ።

የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው በተሰበሰበበት ዕለት ከመካከላችን ልጆቹ ይባረሩ ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ የልጁ አባት እንዲናገሩ ተጋበዙ። «ልጄ አጥፍቷል፤ አልክድም። ያጠፋው ግን ባለማወቅ ነው። ላለማወቁ የሚጠየቀው እሱ ብቻ ነው ወይ?» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እኛም ዝም ያልነው በምክንያት ነው። ይኸው ልጅ ከወራት በፊት በግቢው ውስጥ አስቁሞን ሁለት ጥያቄ ጠይቆን ነበር። የመጀመሪያው፣ «ቲቸር፣ በርበራ ላይ ደህና የሚጎትት መኪና ሐርጌሳ ሲደርስ ለምን ይደክማል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ኖስ ቢገጠምለት ይስተካከላል?» የሚል ነው። ደወል ተደውሎ ነበርና ቸኩለን ነበር። «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ትምህርትህ ላይ አተኩር» ብለነው አለፍን። ልጁ መልሱን ከእኛ ሲያጣ ከስልኩ ፈለገ። በስልኩ ላይ ያገኘው ቪዲዮ ኖዝሏ እንዴት እንደምትገጠም አሳየው። ከመብሳቱ በፊት ማኒፎልዱ ተነቅሎ መውረድ፣ ከተበሳም በኋላ መታጠብ እንዳለበት ግን አልነገረውም።

እንግዲህ የዘገየውን መልሳችንን እዚህ እንስጥ። መልሱ ሁሉ ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍቶቻችን አይወጣም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከፍታ ነው። በርበራ በባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ ሐርጌሳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በግምት 86 በመቶው ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለማቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅኑም ያንሳል፤ ኦክስጅኑ ሲያንስ የሚቃጠለው ቤንዚን ይቀንሳል። በርበራ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ ሲደርስ ወደ 86 ገደማ ይወርዳል። በበጋ የበርበራ ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ልጁ ያስተዋለው ነገር እውነት ነበር። ብዙ አዋቂ ሾፌሮች «ቤንዚኑ ተበርዞ ነው» ብለው የሚያልፉትን ነገር እሱ በጆሮውና በእግሩ ለይቶት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄም የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ናይትረስ ኦክሳይድ ከሁለት ናይትሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠራ ነው። ተማሪዎቻችን እንደሚያውቁት የናይትሮጅን አቶሚክ ክብደት 14፣ የኦክስጅን 16 ነው። ሲደመር 44 ይሆናል። 16ን ለ44 ስናካፍል 36 በመቶ ገደማ እናገኛለን። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በክብደት 23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጋዙ በሞተሩ ውስጥ በሙቀት ሲፈርስ ኦክስጅኑን ይለቃል። በተጨማሪም ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት ሲለወጥ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ የሚገባውን አየር ያጠቅጥቀዋል። ይህን ጋዝ ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1772 ሠራው፤ ሀምፍሪ ዴቪ በ1799 በራሱ ላይ ሞከረው፤ ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1844 ለማደንዘዣ ተጠቀመበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የጀርመን አየር ኃይል አንዳንድ አውሮፕላኖቹ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ኃይል እንዳያጡ ይህንኑ ጋዝ ወደ ሞተራቸው ይረጭ ነበር። ስለዚህ ሳሳ ያለ አየርን በናይትረስ ስለ መካስ የጠየቀው ልጃችን፣ ሳያውቀው የአውሮፕላን መሐንዲሶችን ጥያቄ ነው የጠየቀው።

ነገር ግን በመልሱ ውስጥ ሂሳብ አለ። ልጆቹ የገዟት ዓይነት ነጠላ ኖዝል ጋዙን ብቻ የምትረጭ ናት። ኦክስጅን ሲጨመር ቤንዚንም በልኩ መጨመር አለበት። ወደ 10 ግራም ለሚጠጋ ናይትረስ 1 ግራም ቤንዚን ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ካልተጨመረ እሳቱ ከልክ በላይ ይግላል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ የፒስቶኑ አናት ሊቀልጥና ሊበሳ ይችላል። ይህም በሰከንዶች ውስጥ ሊደርስ የሚችል ነው። ለዚህ ነው ብዙ ባለሙያዎች ጋዝና ቤንዚን አብራ የምትረጭ ኖዝል የሚመርጡት፤ ለእሽቅድምድም ብቻ በሚሠሩ ሞተሮች ላይም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ኖዝል የሚገጥሙት። የሁለቱንም መጠን የምትወስነው በኖዝሏ መግቢያ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጄት ናት። ከዚህ ሌላ ጋዙ መከፈት ያለበት ቤንዚን መስጫው እስከ ታች ሲረገጥና ሞተሩ በበቂ ፍጥነት ሲዞር ብቻ ነው። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ ከተከፈተ ማኒፎልዱ በጋዝ ይሞላና እሳቱ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የማቀጣጠያው ጊዜም ዘግየት እንዲል፣ ካንዴላውም ሙቀት ቶሎ በሚያስወግድ ዓይነት እንዲለወጥ ያስፈልጋል። 100 የፈረስ ጉልበት ባለው አሮጌ ሞተር ላይ 50 መጨመር ማለት አንድ ሰው የለመደውን ሸክም ተኩል አድርጎ ማሸከም ነው። ጉልበቱ፣ ፋሻው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑ ይህን ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ጠርሙሱም ቃል እንጨምር። በ20 ዲግሪ ሙቀት በውስጡ ያለው ግፊት ወደ 50 አትሞስፌር ይጠጋል። ከ36 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጋዙ በፈሳሽነት መቆየት አይችልም፤ ግፊቱም በፍጥነት ይወጣል። በበጋ በርበራ ላይ የጥላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት እናንተው ገምቱት። ሐኪም በሚያውቀው መጠንና ከኦክስጅን ጋር የሚሰጠው ጋዝ ሌላ ነው፤ የመኪናው ጋዝ ለመተንፈስ የተዘጋጀ አይደለም። ይህንንም ልጆቻችን በግልጽ እንዲሰሙት እንፈልጋለን።

በዚህ ሁሉ ላይ የእኛ አቋም ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛው ክፍል ክልከላ ነው፤ በዚህ አናመቻምችም። ናይትረስ የተገጠመለት መኪና በሐርጌሳ መንገድ ላይ ቦታ የለውም። በዚህ ከተማ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ በኩል ነው፤ አብዛኛው መኪና ግን ከጃፓን የመጣ፣ መሪው በቀኝ የሆነ ነው። ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ስለሆነ፣ ለመቅደም ሲወጣ ከፊቱ የሚመጣውን ከማየቱ በፊት የመኪናው ግማሽ አካል ወጥቷል። በመንገዱ ላይ ፍየል አለ፤ ጋሪ አለ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት አሉ። ለእሽቅድምድም የተዘጋ ሜዳ በሌለበት ከተማ የሚጨመር ፍጥነት ሁሉ ከሰው መንገድ ላይ የሚወሰድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እኛ በዚህ ከተማ የምንኖረው በጎረቤት ሕዝብ መልካም ፈቃድ ነው። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ ለጠፋ ሕይወት «መግ» የሚባል ካሳ ይከፈላል። ከጥንት ጀምሮ የሚቆጠረው በግመል ነው፤ ለአንድ ወንድ 100 ግመል። ካሳውን የገዳዩ ወገኖች በየድርሻቸው ያዋጣሉ። ለብቻው ከጅግጅጋ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ ግን እንዲህ የሚያዋጣለት ጎሳ እዚህ የለውም። አንድ ልጅ በአንድ ምሽት የሚያደርሰው አደጋ የአንድ ሰው ነፍስ ከማጥፋቱ በላይ፣ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ይከታል፤ ማኅበረሰባችን በብዙ ዓመት ያፈራውንም ስም ያበላሻል። ልጆቻችን ይህን ሊያውቁት ይገባል።

ሁለተኛው ክፍል ማስተማር ነው። ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ ዘንድሮ አይተናል። በትምህርት ቤታችን ደንብ ውስጥ ተማሪ መኪና እንዳይነዳ የሚል አንቀጽ አለ። ያ አንቀጽ የአባትየውን ሞተር አላዳነውም። ሊያድነው ይችል የነበረው ዕውቀት ነበር፤ «መጀመሪያ ንቀል፣ ከዚያ ብሳ፣ ከዚያ እጠብ» የሚል ሦስት ቃል።

ልጆቻችን በሁለት ቋንቋ መካከል ተቀምጠዋል። ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ይላሉ። አያቶቻችን ከጣልያን መካኒኮች የወረሱት ቋንቋ ነው፤ ሐርጌሳ ድረስ ይዘነው መጥተናል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሞል፣ የጋዝ ሕግ፣ ኦክሲዴሽን ይላሉ። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ የነገራቸው የለም። የተባለው ተማሪ በኬሚስትሪ ፈተና ላይ የቃጠሎ እኩልታ ማመጣጠን አቅቶት ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ ነው። የዚያኑ ሳምንት ግን በጋራዡ ውስጥ ካርቡራቶር በጆሮው እያስተካከለ ነበር። ካርቡራቶር ማስተካከል ማለት የቃጠሎውን እኩልታ በዊንች ማመጣጠን ማለት ነው። ይህን አለማሳየታችን የእኛ ድካም ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችንን የላክነው ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ እንጂ እጃቸው በዘይት እንዲጨማለቅ አይደለም» ብላችሁናል። ስጋታችሁን እናከብራለን። እኛም ከሠላሳ ዓመት በፊት በመምህርነት ስንመረቅ እንዲሁ እናስብ ነበር። አሁን ግን የምናየው ከዚህ የተለየ ነው። እጁ የሚያስብ ልጅ መጽሐፉን ይበልጥ ይወዳል። ሌሎች ደግሞ «በአገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የቤንዚን ሞተር ዕድሜው አልቋል» ብላችኋል። ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን ሳይለካ የሚነካውን ሰው ከቤንዚን ሞተር ይልቅ አይምርም። ሳይለኩ አለመቁረጥን፣ ሳይነቅሉ አለመብሳትን የለመደ ልጅ በሁለቱም ላይ ይሠራል።

በመሆኑም ኮሚቴው ልጆቹን አላባረረም። ሦስቱም በየዓርቡ እየሠሩ የጥገናውን ወጪ ለአባትየው እንዲከፍሉ ተወስኗል፤ እየከፈሉም ነው። ከዚህ በተጨማሪ በመላው ክፍላቸው ፊት ቆመው፣ የተቧጨረውን ፒስቶን ይዘው፣ ምን እንዳደረጉና የት እንደሳቱ አስረድተዋል። ያን ዕለት የኬሚስትሪ መምህራችን አጠገባቸው ቆመው እኩልታውን በሰሌዳው ላይ ጻፉት። ክፍሉ እንደዚያ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ ካየን ቆይተናል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ታዲያ ቀጣዩ ትክክለኛ ሥራ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን የመለሰው ያው ተማሪ ነው፤ ደረጃ በደረጃ፣ ሳይሳሳት።

ለቀጣዩ ዓመት ሦስት ነገር እናቀርባለን። የመጀመሪያው ለራሳችን ለመምህራን ነው፦ «ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል መልስ ከትምህርት ቤታችን ይውጣ። መልሱን ካላወቅን «እስከ ነገ ጠብቀኝ» ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ለወላጆችና በጋራዥ ሥራ ለተሰማራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት ነው፦ ከመኪና የወረደ፣ የማይነሳ አንድ አሮጌ ሞተር ለትምህርት ቤቱ ብትሰጡን በግቢው ጥግ ባለው ክፍል አስቀምጠን፣ ልጆች እየፈቱ እየገጠሙ እንዲማሩበት እናደርጋለን። መንገድ የማይወጣ ሞተር ማንንም አይገጭም። ሦስተኛው በረዳትነት ለሚሠሩ ልጆች ነው፦ የሚሠሩበትን ሰዓት፣ የሚነኩትንና የማይነኩትን ሥራ ወላጅ፣ ጋራዡና ትምህርት ቤቱ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲስማሙበት እንፈልጋለን።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ፍጥነትን መውደዳችሁ ኃጢአት አይደለም፤ እኛም በወጣትነታችን ወደነዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የአልሙኒየም ፍቅፋቂ ግን ሲሊንደር ውስጥ ከገባ በኋላ አይለቀምም። ስለዚህ ከመብሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ዳግመኛ በግቢው ውስጥ ብታስቆሙን፣ ደወል ቢደወል እንኳ፣ እንቆማለን።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።